የተጣሉ ፋይሎች አስታራቂ

ፋይል ከፋይል ሲጣላ ለሽምግልና የሚቀመጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ሐይቅ ከተማ አይቻለሁ፤ ዘሃራ ትባላለች። ከዓረብ አገር ተመልሳ ሙያውን የተማረች ናት። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩት የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ፕሮግራም የሚያወርዱበትን ማከማቻ የምትጠብቀው እሷ ነች።

አንድ ጠዋት፣ ፈተና ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ የፈተናው ፕሮግራም አልጫንም አለ። ለካ እሱና ቀድሞ የተጫነው የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም አንዱን የአማርኛ ፊደል ፋይል «የእኔ ነው»፣ «የእኔ ነው» እየተባባሉ ኖሯል።

«በግድ ጫኚውና እንገላገል» አልኳት። በየቢሮው እንደ እኔ ያለ ጉልበተኛ ስንት አለ?

«አብሽር፣ ወንድም ዓለም። ዛሬ በግድ ብንጭነው፣ ነገ አንዱን ስናነሳ የሌላውንም ፋይል ይዞ ይሄዳል። ይልቅ የማን እንደሆነ እንጠይቅ» አለችኝ።

ፋይል ይጠየቃል? እሷ ትጠይቃለች። የሁለቱንም ዝርዝር እንደ ምስክር ቃል በእርጋታ አነበበችና ጣቷን ከፈተናው ፕሮግራም አሰናጅ ስም ላይ አሳረፈች። ሁለተኛውን ቅጂ የጨመርኩት እኔ ነበርኩ። የፈተናውን ፕሮግራም ሳሰናዳ ፊደሉ እንዳይጎድል ፈርቼ፣ ድግስ ቤት ስንቅ ይዞ እንደሚሄድ ሰው፣ ለማንኛውም ብዬ ወሽቄው ነበር።

ቅጂውን አወጣችና የፈተናው ፕሮግራም ፊደሉን ከመዝገበ ቃላቱ እንዲዋስ አደረገች። ፈተናው በሰዓቱ ተጀመረ።

ርዕሰ መምህሩ መጥተው «ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«ታርቀዋል። እርቅ ከወረደ በኋላ የበዳይ ስም አይነሳም» አለች፣ ወደ እኔ ዞር ሳትል።

እኔም የተበደልኩ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ።