ስለቆመችው መኪና ባትሪ የተጠራ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ በወሩ 14ኛው ቀን
ቦታ፦ የቤታችን ሳሎን፣ ግቢው በሚታይበት መስኮት በኩል
የተጀመረበት ሰዓት፦ 8፡25 (በ8፡00 ተጠርቶ፣ ጸሐፊው "እስቲ አንዴ ልሞክራት" ብሎ በመውጣቱ የዘገየ)

የተገኙ፦
1. ባለቤቴ፣ ሰብሳቢ
2. እናቴ፣ አባል፤ ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው
3. የባለቤቴ ወንድም፣ የሒሳብ መምህር፣ አባል
4. እኔ፣ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴና የመኪናዋ ባለቤት፣ ጸሐፊ
5. ጎረቤታችን መካኒኩ፣ ታዛቢ፣ ያለ ድምፅ

ያልተገኘች፦ መኪናዋ (ግቢ ውስጥ ብትኖርም መነሳት ባለመቻሏ)

ድምፅ ያላቸው አራቱም አባላት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ቃለ ጉባኤው በዕለት ማስታወሻዬ ላይ የተጻፈው ሰብሳቢዋ "ሁሉን እዚያ ላይ ትጽፍ የለ? ጥፋትህንም ጻፈው" ስላሉ ነው።

አጀንዳ 1፦ የባትሪው መሞት ምክንያት

ሰብሳቢዋ እናቴ ሰኞ ጠዋት ለዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ እንዳላቸው፣ ያለፉት ሁለት ቀጠሮዎች መኪናዋ አልነሳ ብላ እንዳመለጡ፣ እናቴም "ልጄ መኪና እያለው በሰው መኪና አልሄድም" ብለው እንደጸኑ አስታወሱ። ሐኪሙ ሦስተኛው ቀጠሮ ካለፈ ለግራ ዓይናቸው ዋስትና እንደማይሰጥ መናገሩም ተመዘገበ።

ጸሐፊው ሱቁ ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ በመሆኑ መኪናዋን ለሰባት ሳምንት ከግቢ እንዳላወጣት አመነ። ሆኖም ባትሪው ጨርሶ እስኪሞት ድረስ፣ እንዳይደክም ብሎ በየጠዋቱ ሞተሩን እያስነሳ፣ ነዳጅ እንዳይባክን ደግሞ በሁለተኛው ደቂቃ ያጠፋ እንደነበር በኩራት አስረዳ።

ታዛቢው እንዲናገር ተፈቅዶለት "ጋሼ፣ ባትሪውን የገደሉት እርስዎ ነዎት" አለ። "ሞተር ለማስነሳት የወጣው ኃይል በሁለት ደቂቃ አይመለስም። በየቀኑ አንድ ጣሳ እየቀዱ ግማሽ ጣሳ ቢመልሱ በርሜሉ ምን ይሆናል?"

ጸሐፊው በርሜል የሚሸጥ ሰው ስለ በርሜል ምክር እንደማያስፈልገው ተናገረ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊው እንዲያፍር በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ

መምህሩ ባትሪው ተፈቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር እንዲያድር ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢዋ "የማን አልጋ ሥር?" ሲሉት ሐሳቡን ሳበ።

እናቴ "መኪናዋ ትረፍ እንጂ፣ ምን አጣደፋችሁ? ዓይኔም እንደሆነ ለምዶታል" አሉ።

ታዛቢው ባትሪው ዛሬውኑ ቻርጀር ላይ እንዲያድር፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን መኪናዋ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንድትነዳ፣ ከወር በላይ የምትቆም ከሆነም የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ እንዲፈታ መከረ፤ አላርሙና ሰዓቱ መኪናዋ ቆማም ቢሆን ኃይል ይመጥጣሉና። መምህሩ ይህን ቀድሞ ለምን እንዳልተናገረ ሲጠይቀው "ጋሼ ጠይቀውኝ አያውቁም" ሲል መለሰ። ጸሐፊው ይህ አረፍተ ነገር እንዳይመዘገብ ቢጠይቅም ድጋፍ አላገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ምክሩ በሦስት ድምፅ ድጋፍ፣ በእናቴ አንድ ተቃውሞ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ የተቃውሞው ምክንያት (በዕለቱ የተጨመረ)

እናቴ "እውነቱን ልንገራችሁ፤ መኪናዋ አልነሳ ስትል ደስ ይለኝ ነበር" አሉ። "ዓይኔን በስለት ሊነኩኝ እኮ ነው። እፈራለሁ።"

መምህሩ ሊያጽናና ብሎ ከመቶ ታካሚ ዘጠና ሰባቱ በደህና እንደሚወጣ ገለጸ። እናቴ ስለ ቀሪዎቹ ሦስቱ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ መምህሩን በዓይናቸው አስቀመጡት።

ጸሐፊው ባትሪው ሰኞ ሙሉ እንደሚሆንና ራሱ ቀስ ብሎ እንደሚነዳ ቃል ገባ። እናቴም "አንተ ከነዳህማ መንገዱን ነው የምታየው" አሉት። "ታክሲ ጥራና ኋላ አብረኸኝ ተቀመጥ፤ እጄን ያዝ። እንደዚያ ከሆነ እሄዳለሁ።"

ያለ ምንም ውይይት፣ ታዛቢውም ሳይፈቀድለት እጁን አውጥቶ፣ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል፤ ባትሪው እንደሞተ ይቆይ፤ ሰኞ በ1፡30 ታክሲ ይጠራ።

ስብሰባው በ10፡35 ተበትኗል። እናቴ "ከአሁኑ ልመደው" ብለው የጸሐፊውን ግራ እጅ ስለያዙና ደብተሩን የሚይዝለት ስላልተገኘ፣ ይህ የመጨረሻው መስመር ጠማማ ሆኗል።