ሽቦ ውስጥ እጅ ይነሣሉ ወይ?

[የመጋረጃ መስፊያ ክፍል። ወለሉ በተዘረጋ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ መርገጫ የለም። አሮጊቷ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላለች። የተጠየቀችውን ሁሉ ዘግየት ብላ ስለምትመልስ ሰፈሩ «ዝግታ» ይላታል። ባሏን ደግሞ «ሊቁ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን ወደደውና የራሱ አደረገው። ሃያ ሰባት ዓመት የካራቴ አዳራሽ ቁልፍ ያዥ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የውድድር ማስታወቂያ ፊት ጠመኔ ይዞ ቆሟል።]

ሊቁ፦ «አርት» የምትለዋን ብቻ ነው የማጠፋት። ሌላውን አልነካም አልኩሽ።

ዝግታ፦ ጠመኔዬን መልስ። የመጋረጃ ነው።

ሊቁ፦ «ድብልቅ ማርሻል አርት»! ማርሻሉ ይሁን። ድብልቁም ይሁን። አርቱ ከየት መጣ? አርት ማለት ጥበብ ነው፤ ጥበብ ደግሞ እንደ ጭማቂ አይደባለቅም።

ዝግታ፦ [ካሰበች በኋላ] ብታጠፋው ውድድሩ ይቀራል?

ሊቁ፦ አይቀርም።

ዝግታ፦ እንግዲያው ጠመኔዬን መልስና ጫማህን አድርግ። የልጅ ልጃችን ለፍልሚያ የምትገባው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰባት ተኩል አልፏል።

ሊቁ፦ አልሄድም! ሦስት ወር ሙሉ «አልሄድም» ስል ከርሜ ዛሬ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል?

ዝግታ፦ ሰው አለመሄድህን መቼ አወቀ? የምታውቀው እሷ ናት።

ሊቁ፦ እሷማ ትወቅ! በስድስት ዓመቷ እጇን ይዤ ካራቴ ያስገባኋት እኔ። እጅ መንሣት ያስተማርኳት እኔ። ያንን ሁሉ ጥላ ይህን ድብልቅ ብላ ሽቦ አጥር ውስጥ ገባች። ቃል አልተነፈስኩላትም፤ አልተነፍስም።

ዝግታ፦ ዛሬ ጠዋት ስትወጣ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ?

ሊቁ፦ አልፈልግም። [ወደ እሷ ዞሮ] ምን አለችሽ?

ዝግታ፦ «ከመግባቴ በፊት አንዴ ወደ በሩ አያለሁ። አያቴ በበሩ ካልገባ፣ ከዛሬ በኋላ ና አልለውም» አለች። የልጅ ልጅህ ናት፤ ያለችውን አትለውጥም።

ሊቁ፦ [ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል] ይኸው! ማስፈራራት ከየት ተማረች? ከሽቦው ነው። ካራቴ ቤት ሳለች ታስፈራራኝ ነበር?

ዝግታ፦ በሰባት ዓመቷ «ካላዘልከኝ አልሄድም» ትልህ ነበር።

ሊቁ፦ እሱ ሌላ ነው፤ ያኔ እግሯን ያማት ነበር።

ዝግታ፦ የትኛውን እግሯን?

ሊቁ፦ ነገር አታጣምሚ! አሁን ቁም ነገር ልጠይቅሽ። ካራቴ ሲጀመር ምን ያደርጋሉ?

ዝግታ፦ ምንጣፍ ታነጥፍላቸዋለህ።

ሊቁ፦ ከዚያ በኋላ!

ዝግታ፦ ከዚያማ አንተ ቁልፍህን ይዘህ በር ላይ ትቀመጣለህ።

ሊቁ፦ እነሱ! እነሱ ምን ያደርጋሉ? ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሣሉ። ይህ አክብሮት ይባላል።

ዝግታ፦ ከዚያስ?

ሊቁ፦ ከዚያ ይመታታሉ።

ዝግታ፦ [መርፌዋን ታቆማለች] ተከባብረው ካበቁ በኋላ?

ሊቁ፦ አዎ!

ዝግታ፦ ታዲያ ከተከባበሩ ምን ያማታቸዋል?

ሊቁ፦ ጌታዬ፣ ምን አድርጌህ ነው! አንቺ ሴትዮ፣ አክብሮት ያለው ምትና አክብሮት የሌለው ምት አንድ ነው?

ዝግታ፦ ያበጠው ቦታ ላይ ይለያል?

ሊቁ፦ ውስጥ ላይ ይለያል! መንፈሱ! እሺ፣ ይህን ተይው፤ ጓንቱን አይተሻል? ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ነው የሚያደርጉት። ጣት የሌለው ጓንት ምን ይባላል?

ዝግታ፦ ጨርቅ አጥሯቸው ይሆናል። ቢነግሩኝ ኖሮ ቁርጥራጭ አላጣም ነበር፤ አሥር አሥር ጣት እጨምርላቸው ነበር።

ሊቁ፦ አሥር ጣት በአንድ ጓንት?

ዝግታ፦ ለሁለቱ። ቸኩዬ ተናግሬ ነው።

ሊቁ፦ ተቆርጦ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው! ለመያዝ፣ ለመጎተት፣ ለማነቅ! ደግሞስ የወደቀ ሰው ይመታል? በየትኛው አገር ነው የወደቀ የሚመታው?

ዝግታ፦ ከካራቴው ጎን፣ በሌላኛው ክፍል የነበሩት ነጭ ለባሾች... እየተያያዙ የሚጣጣሉት?

ሊቁ፦ ጁዶ።

ዝግታ፦ እነሱስ ጥለውት ላዩ ላይ አይተኙበትም ነበር?

ሊቁ፦ በአክብሮት ነዋ የሚተኙበት!

ዝግታ፦ ከባድ ነው ይህ አክብሮት።

ሊቁ፦ [ጣቱን እየቀሰረ] አጥሩስ? ሽቦ አጥር ሠርተው ሁለት ሰው ከተው ይዘጉበታል! አጥር ለምንድን ነው የሚሠራው?

ዝግታ፦ ለአትክልት።

ሊቁ፦ ለዶሮ!

ዝግታ፦ ዶሮና አትክልት አንድ አጥር ውስጥ አይሆንም። ጎረቤታችን ሞክራ ጎመኗ አለቀ።

ሊቁ፦ ስለ ጎመን ማን አወራ!

ዝግታ፦ አጥሩ ሲታገሉ ተንከባለው ወጥተው ሰው ላይ እንዳይወድቁ ነው ብላኛለች ልጅቷ። ውስጥ ደግሞ ዳኛ አለ። ከውጭ ሐኪም ተቀምጧል። እውነት ነው?

ሊቁ፦ እሱስ እውነት ነው።

ዝግታ፦ እኔና አንተ አርባ አንድ ዓመት ስንጣላ ዳኛም ሐኪምም አልነበረንም። እነሱ ይሻላሉ።

ሊቁ፦ እኛ ተማትተን እናውቃለን?

ዝግታ፦ አንዴ በትራስ።

ሊቁ፦ ከፍልሚያው በፊትስ ይሰዳደባሉ! ቴሌቪዥን ላይ አላየሽም? «እናትህን፣ አባትህን» እየተባባሉ ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ። ይህንንም አክብሮት በይውና ልሙት!

ዝግታ፦ [ዘግየት ብላ] እሱ ነውር ነው። እሱን አልወደድኩትም።

ሊቁ፦ ጎሽ!

ዝግታ፦ ልጅቷ ማንን ሰደበች?

ሊቁ፦ እሷ... እሷ እንኳን አልሰደበችም።

ዝግታ፦ ታዲያ በሰው ስድብ እሷን ለምን ታኮርፋታለህ?

ሊቁ፦ ነገሩ ከሥሩ ነው እንጂ! ካራቴ የጀመረው ሰው ይታወቃል፣ ጁዶም ይታወቃል። ይህ ግን ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የመጣ ነገር ነው። አባት የለውም!

ዝግታ፦ የምትተኛበትን ብርድ ልብስ ከምን ነው የሰፋሁት?

ሊቁ፦ ከቁርጥራጭ።

ዝግታ፦ ይበርድሃል?

ሊቁ፦ አይበርደኝም፤ ግን...

ዝግታ፦ ልጅቷም አባት የላትም። አንተ ነህ ያሳደግሃት። ያንን ነጭ ልብሷን በየዓመቱ ጠርዙን እየፈታሁ ሳስረዝም፣ አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ «አንድ ጣት ጨምሪ፣ ልጄ አድጋለች» ትለኝ ነበር። ልጄ ነበር የምትላት። የልጅ ልጄ እንኳን አትልም ነበር።

[ሊቁ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እጅጌውን ይሰበስባል።]

ሊቁ፦ ወሬ ይብቃ። ተነሺ። አንገቴን እንደነሱ በክንድሽ ያዥኝ። በካራቴ ጥበብ በሁለት ጣት ስወጣ ታያለሽ፤ ያኔ ጥበብ ምን እንደሆነ ይገባሻል።

ዝግታ፦ መጋረጃው...

ሊቁ፦ መጋረጃው አይሸሽም። ነይ!

[ዝግታ መነጽሯን አውልቃ ታስቀምጣለች፤ ጨርቁን ላለመርገጥ ዞራ መጥታ ከኋላው አንገቱን በክንዷ ታቅፋለች። አርባ ዓመት ከባድ መጋረጃ ሲጎትት የኖረ ክንድ ነው።]

ሊቁ፦ አሁን ተመልከቺ። አንደኛ፣ እርጋታ። ሁለተኛ... ትንሽ ላላ አድርጊው፣ ሁለተኛውን ልናገር።

ዝግታ፦ እነሱ ጋ ይላላል?

ሊቁ፦ ሁለተኛ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት... ሌባ ጣቴ የት ሄደ?

ዝግታ፦ ብብቴ ሥር ነው።

ሊቁ፦ ልቀቂኝ።

ዝግታ፦ በአፍ አይሆንም። በእጅህ መታ መታ ታደርገኛለህ፣ ያኔ እለቃለሁ።

ሊቁ፦ እኔ? እኔ እጅ ልስጥ? ለመጋረጃ ሰፊ?

ዝግታ፦ እኔም አልቸኩል። ስሜን ታውቀዋለህ።

[ሊቁ እግሩን ያነሣል፤ ያወርዳል። ፊቱ ይቀላል። በመጨረሻ ማንም እንዳያየው ግራ ቀኝ ገልመጥ ብሎ ክንዷን መታ ያደርጋል። ሁለተኛው ምት ሳያርፍ ትለቀዋለች። ኮሌታውን ታስተካክልለትና ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣዋለች።]

ሊቁ፦ [እየሳለ] ይህን... ይህን ማን አስተማረሽ?

ዝግታ፦ ልጅቷ። በመጀመሪያው ቀን ያስተማሯት እሱን ብቻ ነው አለችኝ፤ ሰው መታ ሲያደርግሽ ወዲያው ትለቂያለሽ። መማታቱ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው የመጣው። አላመንኳትም፤ እዚሁ ያዥኝ አልኳት። ያዘችኝ። መታ አደረግኩ፣ ለቀቀችኝ።

ሊቁ፦ አንቺን? በዚህ ዕድሜሽ?

ዝግታ፦ ከዚያ እኔ ያዝኳት። መታ አደረገች። [ፈገግ ብላ] ደስ ይላል።

ሊቁ፦ እሺ፣ መልቀቁ ጥሩ ነው፤ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ጥበብ ቢሆን ኖሮ ግራ እጇን አታወርድም ነበር! ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ «ግራሽን ከፍ፣ ግራሽን ከፍ» እያልኩ! ይኸው ባለፈው ሐሙስ ልምምድ ላይ ያቺ ረጅሟ ጓደኛዋ ስትመጣባት ግራዋ ወገቧ ላይ ነበር። ተመታች፣ ወደቀች። እርግጥ ረጅሟ ጎትታ አነሣቻት፣ ይቅርታ ብላ አቀፈቻት፣ ውሃም... [አፉን በመዳፉ ይከድናል]

ዝግታ፦ ሐሙስ ነው ያልከው?

ሊቁ፦ ሰው ነገረኝ።

ዝግታ፦ ማን?

ሊቁ፦ አንድ... ሰው። አታውቂውም።

ዝግታ፦ ግራዋ የት እንደነበረ ሳይቀር አየ? ጥሩ ዓይን አለው። እንደ አንተ።

ሊቁ፦ [ይቀመጣል፤ ይነሣል] እሺ! በመስኮት አየሁ! ከምትለማመድበት አዳራሽ ጓሮ ባለችው ትንሽ መስኮት። ለምርመራ ነው! የሚወቅስ ሰው የሚወቅሰውን ነገር ማየት የለበትም? ደግሞ ማንም አላየኝም። ሃያ ሰባት ዓመት በር የጠበቅኩ ሰው ነኝ፤ አለመታየትን አውቅበታለሁ።

ዝግታ፦ ያቺ መስኮት ከፍ አትልብህም?

ሊቁ፦ ትላለች። የመጀመሪያው ሐሙስ በጣቴ ቆሜ አንገቴ ሊወልቅ ነበር። ግን ዕድለኛ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዝርክርክ ሰው መስኮቷ ሥር ሣጥን እየረሳ ይሄዳል።

ዝግታ፦ ሁልጊዜ ይረሳል?

ሊቁ፦ ሐሙስ ሐሙስ።

ዝግታ፦ ሌላ ቀንስ?

ሊቁ፦ አንድ ማክሰኞ ሄጄ አልነበረም።

ዝግታ፦ ዝናብ የጣለ ቀንስ?

ሊቁ፦ ያን ቀን ላስቲክ አልብሶት ነበር የረሳው። ላስቲኩን ገለጥኩት፣ ደረቅ ነበር።

ዝግታ፦ እውነትም ዝርክርክ ነው።

ሊቁ፦ በጣም እንጂ! አንዴማ ሣጥኑ ተንገዳግዶብኝ ልወድቅ ስል በግድግዳው ተረፍኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ እግሩ በምስማር ተመትቶ... ጠርዙ ላይ ጨርቅ... እንዳይቧጭረኝ... [ድምፁ እየወረደ ይሄዳል]

[ዝግታ ክር ትበጥሳለች።]

ሊቁ፦ ማን ነው?

ዝግታ፦ እስቲ ቀስ ብለህ አስብ። እኔ እንደማስበው።

ሊቁ፦ አይታኛለች?

ዝግታ፦ ከመጀመሪያው ሐሙስ። «አያቴ ደጅ ቆሟል፣ ሣጥን ላስቀምጥለት ነው፤ እንዳትነግሪው፣ ካወቀ ያፍራል፣ ካፈረ ይቀራል» አለችኝ። ጨርቁን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ምስማሩን የመታችው እሷ ናት፤ አውራ ጣቷንም መታችው።

ሊቁ፦ የጠቆረው ጥፍሯ?

ዝግታ፦ አዎ።

ሊቁ፦ በፍልሚያ መስሎኝ... ረጅሟን ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ ስረግማት ነበር።

ዝግታ፦ እሷም ሣጥን ስትሸከምልህ ነበር። ለሁለት ነው የሚያመጡት፤ ከባድ ነው።

[ሊቁ ማስታወቂያውን ትኩር ብሎ ያያል። ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ጠመኔውን ያነሣና እጇ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈልጋል።]

ዝግታ፦ ዛሬ ሣጥን የለም። ወንበር ይዛልሃለች፤ ከፊት።

ሊቁ፦ ከፊት? [አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ] ስሚ እንጂ... ከፊት ተቀምጦ ምን ይደረጋል? ለምዶብኝ በመስኮት ነው የማውቀው።

ዝግታ፦ ያው የምትለውን ትላለህ።

ሊቁ፦ ምኑን?

ዝግታ፦ «ግራሽን ከፍ!»

ሊቁ፦ [ይደነግጣል] እሱንማ በሹክሹክታ ነበር የምለው! ለራሴ! መስታወቱ ተዘግቶ!

ዝግታ፦ [ኮቱን እያለበሰችው] ለራስህ? ሐሙስ ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ግራውን ከፍ የማያደርግ የለም። አሰልጣኙ ሳይቀር።