የኔታ ወረፋዬን ለማላውቀው ሰው ሰጡብኝ

ጎበዝ፣ ዛሬ የተሠራሁትን ስሙልኝማ! አርባ ደቂቃ ሙሉ የጠበቅኩት ወረፋ ተሰጠብኝ። ለማን? እኔም አላውቀው!

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ የለም። ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ፈተና ምዝገባ የሚያበቃበት ቀን ነው። ኦንላይን፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ። እኔ ሆዬ ፓስዎርዱን ስሳሳት ስሳሳት አካውንቴ ተቆለፈ! የሚከፍተው ደግሞ የጥሪ ማዕከላቸው ብቻ ነው።

ደወልኩ። «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ።» ተጫንኩ። «ከእርስዎ በፊት ሠላሳ ሦስት ደንበኞች አሉ።» ከዚያ ሙዚቃ። ሙዚቃ። አሁንም ያው ሙዚቃ!

ልክ ሦስተኛ ላይ ስደርስ የደብረ ማርቆስ ዝናብ ዱብ አለ። እናቴ ከውጭ «አንቺ ልጅ፣ የገብሱ ስጥ በሰበሰ እኮ!» ብላ ጮኸች።

ቤት ውስጥ ያሉት ሊጠይቁን የመጡት አጎቴ ብቻ ናቸው። ደብረ ወርቅ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ «የኔታ፣ ወረፋዬን ይያዙልኝ፣ ሰው ሲያነሳ ይጥሩኝ» ብዬ ሮጥኩ።

በስብሼ ስመለስ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጸጥ ብሏል።

«የኔታ፣ አነሱ እንዴ?»

«አንዲት ጨዋ ልጅ አነሳች። ደኅንነቷን ጠየቅኋት፣ መረቅኋት። ኋላ ብዙ ሰው እየጠበቀኝ ነው ብትለኝ፣ በይ እነሱ ይቅደሙ፣ እኛ ቤታችን ነን ብዬ ለቀቅኋት። ጽድቁ ላንቺ ነው።»

ጽድቁ ለእኔ!!

ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል። እንደገና ደወልኩ። «ከእርስዎ በፊት አርባ አንድ...» አለቀልኝ! እንባዬ መጣ፣ በቃ ሌላ ዓመት ቤት ልቀመጥ ነው።

ይባስ ብሎ መሃል ላይ ሌላ ስልክ ገባ። እዘጋለሁ ብዬ የቱን እንደነካሁ እንጃ፣ ወረፋዬ ተቋረጠ! አንዲት ሴት «ሄሎ» አለችኝ።

«ማነሽ አንቺ ደንቃራ! ሌላ ሰው አጥተሽ ነው?» ጮህኩባት።

«ከጥሪ ማዕከሉ ነኝ» አለች ረጋ ብላ። «ቅድም የመረቁኝን አባት ፈልጌ ነበር። ጉዳያቸውን ሳይነግሩኝ ስለዘጉ አላስችል አለኝ።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ስልኩን ለየኔታ አቀበልኳቸው። እሳቸውም «ዝናብ መትቷት ነው ልጄ፣ አትቀየሚያት» ብለው አማለዱኝ። በሁለት ደቂቃ አካውንቴ ተከፈተ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ተመዘገብኩ! እልልልል!

ልትዘጋ ስትል ግን «ለየትኛው የሥራ መደብ ነው የተመዘገብሽው?» አለችኝ።

«ለ... ለደንበኞች አገልግሎት። ስልክ ለማንሳት።»

ሳቋን ልታፍን ብትሞክርም ሰምቻታለሁ። «መልካም ዕድል!» ብላኝ ዘጋች።

እና ወገን፣ ለፈተናው የኔታን ልኬ እኔ ስጡን ብጠብቅ አይሻልም?