ከአደጋው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ

(የሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ተዘርግቷል። ሠራተኛው ሁሉ «ሊቁ» የሚለው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ካርታው ላይ ተደፍቷል። አለቃው ወንበራቸው ላይ ተንጋለው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።)

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ምድር ቤት አይሆንም አልኩ እኮ! ስንቴ ልናገር?

አለቃ፦ ለምን አይሆንም? ክፍሉ ባዶ ነው። አሮጌ ወንበር ብቻ ነው የታጎረበት።

ሊቁ፦ የወንበር ጉዳይ አይደለም! ዳታችን በሙሉ ያለው እዚሁ ፎቅ ላይ ነው። ቅጂውንም ከሥሩ ካስቀመጥነው፣ ሕንፃው ሲቃጠል...

አለቃ፦ (ብድግ ብለው ኮታቸውን እየነጠቁ) ተቃጠለ?!

ሊቁ፦ ኧረ ይቀመጡ! ቢቃጠል ነው ያልኩት። ቢ-ቃ-ጠ-ል!

አለቃ፦ (እየተቀመጡ) አንተ ልጅ፣ ልቤን ልታቆማት ነው። እሺ፣ ቀጥል።

ሊቁ፦ ዋናውና መጠባበቂያው አብረው ከነደዱ ድርጅቱ አለቀለት። ስለዚህ መጠባበቂያው እዚህ ጋ! (ካርታው ጥግ ላይ ነጥብ ያደርጋል) አራት መቶ ኪሎ ሜትር።

አለቃ፦ አራት መቶ? እኔ የቤቴን ትርፍ ቁልፍ የማስቀምጠው ጎረቤት ነው።

ሊቁ፦ (ዞር ብሎ) ወይ መከራዬ! ለማን ነው የማስረዳው?

አለቃ፦ ምን አልክ?

ሊቁ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው አልኩ።

አለቃ፦ እዚያ ምን አለ?

ሊቁ፦ መብራትና የኢንተርኔት መስመር ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ምንም! ውበቱ እሱ ነው። ጎርፍ አያውቀውም። ፋብሪካ የለም፣ ሻይ ቤት የለም፣ ሰው የለም።

አለቃ፦ አንተስ ትኖርበታለህ?

ሊቁ፦ (እየሳቀ) እኔ? ሚስቴ ከአስፋልት ከወረድክ ፍታኝ ብላ ነው ያገባችኝ! እኔ እዚሁ ሆኜ ሁለቱንም እመራለሁ። እዚያ አንድ ምስኪን እንልካለን። እርስዎ ብቻ ዛሬ ይፈርሙልኝ።

አለቃ፦ አሁን ገባኝ መሰለኝ። ዋናው ነገር አደጋውና መጠባበቂያው መራራቃቸው ነው።

ሊቁ፦ ተመስገን! ገባዎት!

አለቃ፦ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይበቃል?

ሊቁ፦ ይተርፋል እንጂ!

አለቃ፦ እኔ ቶሎ አይገባኝም፣ አትቆጣኝ። ባለፈው ክረምት ያ ሁሉ ዳታ የጠፋው በጎርፍ ነበር?

ሊቁ፦ አይ... ያ እንኳ ሻይ ተደፍቶበት ነው።

አለቃ፦ የማን ሻይ?

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) የኔ።

አለቃ፦ ከዚያ በፊት የጠፋውስ? እሳት ነበር?

ሊቁ፦ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ብዬ የዋናውን ኮምፒውተር ሶኬት ነቀልኩት። ሰው አይሳሳትም እንዴ?

አለቃ፦ ይሳሳታል፣ ለምን አይሳሳትም! ብቻ ይህ ሕንፃ ከተሠራ ጀምሮ እሳትም ጎርፍም አላየም። ያየው አደጋ አንድ ብቻ ነው። (እስክሪብቶ ያነሳሉ)

ሊቁ፦ ሊፈርሙ ነው?

አለቃ፦ እየፈረምኩ ነው። መጠባበቂያው ምድር ቤት ይገባል።

ሊቁ፦ እንዴ ጋሼ! መራራቁስ?

አለቃ፦ ይራራቃሉ እንጂ! አንተ ነህ የምትሄደው።

ሊቁ፦ (ካርታውን እያየ) እዚያ?! ምንም የለም እኮ! ሚስቴስ?

አለቃ፦ አስፋልቱ እስኪያልቅ ትሸኝህ። (ወረቀቱን እያቀበሉት) ጎርፍ አያውቀውም ያልከውን አገር ደግሞ፣ ሻይህን ይዘህ ሂድና አስተዋውቀው።