የአሪየት ጢማም ተክል

ሰው በምን ይቀናል? በመኪና ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፣ በሹመት ይቀናል። ያለ ነገር ነው። እኔ ግን፣ እያፈርኩ ልንገራችሁ፣ የቀናሁት በባልዲ ነው። ያውም በአሮጌ የቀለም ባልዲ።

ባልዲው የጎረቤቴ የአሪየት ነው። አሪየት እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ ከእኛ አጥር ማዶ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋ አለ፤ ከመኪናው ጎን ቀዝቃዛ ውሃ የምትጠጣበት እንስራ አለ፤ ከእንስራው ጎን ደግሞ ያ ባልዲ። ዕረፍት የነሳኝ ባልዲው ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ አንድ ጎረቤታችን ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲሄድ የሳሎን ተክሉን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለአሪየት ሰጠን። ሞንስቴራ ይሉታል። ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ሰው በመቀስ የተጫወተበት ይመስል ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። አንድ ተክል፣ አንድ ቀን፣ እኩል በእኩል ተካፈልን። እኔ ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት ባለ ጌጥ ሸክላ ተከልኩት። እሷ ባልዲዋ ውስጥ ወተፈችው። ሳቅኩባት።

ለምን አልስቅ? እኔ እኮ የግብርና ባለሙያ ነኝ! ሰፈሩ ሁሉ ስለ ተክል የሚጠይቀው እኔን ነው። እውነቱን ከፈለጋችሁ ሙያዬ ሩዝ ነው። አቦቦ፣ ከአልዌሮ ግድብ በታች ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው ያረጀሁት። ሩዝ ደግሞ ሳሎን አይገባም። ግን ይሄን ለማን ላስረዳ? ለሰው ተክል ያው ተክል ነው። እኔም አላረምኳቸውም። መጠየቅ ደስ ይላላ!

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የሁለታችንም ተክል ከግንዱ ላይ፣ እዚያው አየር ላይ፣ ቡናማ ሥር ያወጣ ጀመር። እንደ ገመድ ወደ ታች የሚንጠለጠል ነገር ነው። ባለቤቴ አልማዝ አየችና ጢም አወጣ አለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁና አብራራሁላት፦ ይሄ ትርፍ ነው፣ የተክሉን ጉልበት ይበላል፣ መቆረጥ አለበት። ከየት አመጣሁት? እንጃ! ባለሙያ ሲጠየቅ አላውቅም ይላል እንዴ? በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የአልማዝን መቀስ ይዤ እንደ ፀጉር አስተካካይ እላጨው ጀመር።

አሪየትስ? አሪየት ምንም አላደረገችም። ጢሙ ወረደ፣ ወረደ፣ እየተሳበ ሄዶ እንስራዋ ውስጥ ገባ። ሌላውም ተከተለው። እሷ እንስራውን ለተክሉ ለቀቀችለትና ለራሷ ሌላ ገዛች። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻለው! ቅጠሉ ትሪ አከለ። ባልዲው ውስጥ የተከለችለትን እንጨት ይዞ የበረንዳው ቆርቆሮ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሁሉ ልኬቷን ትታ ቅጠል ትዳብሳለች። የእኔስ? አራት ቅጠል። አንዱም ቀዳዳ የለው።

ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ? ጠዋት ከቤት ስወጣ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ፤ አንገቴ ግን በራሱ ጊዜ ዞሮ ያያል። አልማዝም አታርፍም፤ ለምን አሪየትን አትጠይቃትም ትለኛለች። እኔ? አሪየትን? አንድ ቀን ራሷ ጠይቃት መጣች። አሪየት ሳቀችና፣ ጠማው፣ ወደ ውሃ ሄደ፣ እኔ ምን አደረግሁ አለቻት አሉ። ይባስ ብሎ ምስጢር እንኳ የላትም! ምስጢር ቢኖራት እኮ እሰርቀው ነበር።

ከዚያ ያ የተረገመ ፎቶ መጣ። አንድ ቀን እጄን በአጥሩ ላይ አሻግሬ ተክሏን በስልኬ አነሳሁትና በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። የእኔ ነው አላልኩም። እውነቴን ነው፣ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ሲያደንቁኝ ግን ዝም አልኩ። አለቃችን፣ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው ብለው ጻፉ። ያን ዕለት ምሳዬ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ደስታዬ አልሰነበተም። አለቃችን ቢሮ አስጠሩኝ። ሐሙስ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፣ አዳራሹ ወና ነው፣ ያን ተክልህን አምጣልን አሉኝ። ክው አልኩ። ላቤ ሲወርድ ሙቀቱ ነው አልኳቸው፤ ደግነቱ ጋምቤላ ነንና አመኑኝ። ምን ልበል? አላመጣም ብል ለምን ሊሉኝ ነው። የእኔ አይደለም ብል ደግሞ ስንት ዓመት ጭቃ ውስጥ የቆምኩለት ስሜ በአንድ ቀን አፈር ሊበላ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሩዝስ ቢሆን ማን ይሰማኛል?

የሰይጣን ነገር፣ አሪየት እህቷ ወልዳ ፑኝዶ ሄዳለች። እንስራው ውሃ እንዳያጣ ብላ የግቢዋን ቁልፍ ለአልማዝ ትታለች። ሐሙስ ጠዋት አልማዝ ልታስተምር ትምህርት ቤት እንደሄደች ቁልፉን አንስቼ ባጃጅ ጠራሁ። ከሰዓት እመልሰዋለሁ፣ ማን ያያል ብዬ ነው።

ባልዲውን ስናነሳ እንስራው አብሮ ተነሳ! ሥሩ ውስጥ ገብቶ፣ ወፍሮ፣ ተጠላልፎ አልወጣም አለ። መቀሱ አማረኝ። ግን እንግዶቹ ፊት ቢጠወልግስ? ባልዲውን አጠገቤ አዘንብዬ፣ እንስራውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቅጠሉ በግራና በቀኝ ወጥቶ፣ ውሃው ሱሪዬ ላይ እየፈሰሰ በገበያው መሃል አለፍን። ሹፌሩ፣ ጋሼ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የጫንነው አለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ግን እኔ ነበርኩ ሙሽራው። እንግዶቹ ከበውኝ ይጠይቃሉ። ይሄ እንስራ ምንድን ነው? የራሴ የሙከራ ዘዴ ነው አልኩ። እነዚህ ሥሮችስ? ዋናው ምስጢር እነሱ ናቸው፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይቆርጣቸዋል፣ ትልቅ ድንቁርና ነው አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት!

ይሄን ብዬ ሳልጨርስ አሪየትን በሩ ላይ አየኋት። በእጇ ጀሪካን ይዛለች። ለካ ረፋዱ ላይ ከፑኝዶ ተመልሳ፣ በረንዳዋን ባዶ አይታ፣ መንገድ ላይ ስትጠይቅ ያገኘችው ያንኑ ሙሽራ የጫነውን ባጃጅ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። አሪየት ቀጥ ብላ ገባች። ማንንም ሳታናግር ጀሪካኑን ከፈተችና እንስራውን ሞላችው። የተጣመመ ቅጠል በመዳፏ አቃናች። አለቃችን፣ ተክሉን ታውቂዋለሽ እንዴ ብለው ጠየቋት። ዞራ አየችኝ። እርጥብ ሱሪዬን አየች። አሁንም አየችኝ።

"የሱ ነው" አለች። "እኔ ጎረቤት ነኝ። ውሃ መስጠት ይረሳል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አለቃችን በደስታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ተክል ከዚህ አዳራሽ አይነቃነቅም፣ የባለሙያው ስም ተጽፎ ይለጠፍበት አሉ። አሪየት ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች።

ሮጬ ደረስኩባት። ይቅርታ፣ ቀንቼ ነው፣ በቃ ቀንቼ ነው አልኳት። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እሷ ግን፣ "ብትጠይቅ እሰጥህ ነበር" አለችኝ። "በሩ ክፍት ነው። ለምን በአጥር ታያለህ?" በምን ልካስሽ አልኳት። ያንተን አምጣ አለች። የቱን? "ያን የተላጨውን።"

የተላጨው አሁን የት ነው? አሪየት በረንዳ ላይ ነዋ! በሌላ ባልዲ፣ ከሌላ እንስራ ጎን። ጢሙ ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ቅጠሉ ተቀዳዷል። እኔ ቤት በስንት ልመና አራት ቅጠል ያወጣ ጉድ፣ እዚያ ሄዶ ቆርቆሮ ሊነካ ነው። የገዛ ተክሌን በአጥር እያየሁ እቀናበታለሁ። ከዚያ ትዝ ሲለኝ በበሩ እገባለሁ።

መሥሪያ ቤት ያለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በየጠዋቱ እንስራውን የምሞላው እኔው ነኝ። ወረቀቱ ላይ ስሜ በትልቁ "ተንከባካቢ፦ አቶ ሽፈራው፣ የተክል ባለሙያ" ተብሎ ተጽፏል። ከየቢሮው ሰው እየመጣ ያነባል፣ ይደነቃል።

ባለፈው አልማዝ የረሳሁትን መነጽር ልታደርስልኝ መጣች። ወረቀቱ ፊት ቆማ ቀስ ብላ አነበበችው። ቅጠሉን ዳሰሰች፣ እንስራውን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እንዴት ያለ ጎበዝ ሰው ነው!" አለችኝ። "ሚስቱ ምንኛ ታድላለች!"

መነጽሬን ሰጥታኝ ሄደች። አድርጌው ስሙን አነበብኩት። እመኑኝ፣ በእሱም ቀናሁ።