ክቡር አንሙትና የነቀዝ ዱቄት

አገር የሚያጠፋው ክፉ ሰው አይደለም፤ «ምንም አይልም» የሚለው ነው። በየቀበሌው አንድ አይጠፋም። ለእኛ የደረሰን፣ እህቴን ዘሪቱን ያገባው አንሙት ነው።

ክቡርነታቸው ደብረ ኤልያስ ያርሳሉ፤ የማያውቁት ነገር የለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነቀዝ መግደያ ዱቄት ከገበያ በፌስታል ያመጡ ነበር፤ ስሙ አይነበብ፣ መጠኑ አይታወቅ። ስንዴው ላይ ይነሰንሱና «ዘሪቱ፣ በይ እሺው» ይላሉ። እሷ እስከ ክርኗ ጎታ ውስጥ ገብታ ታሻለች። ጓንት ይግዙላት ብል ሳቁ። «ለነቀዝ እንጂ ለሰው ምንም አይልም።» እንዲያውም በጣታቸው ቀመሱልኝ፤ ጎረቤት አጨበጨበ።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ ንዴቴ አላስችል አለኝ። የአረም መርዝ የነበረበትን ጀሪካን በአመድ አሽቶ ውኃ ያስቀዳበት ነበር።

ዘሪቱ ጽንስ አይጸናላትም። ይይዛል፤ ይወርዳል። ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ፦ ሾተላይ አለባት። ጠበል ትሄዳለች፤ ስትመለስ ጎታው ይጠብቃታል። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ስለ ጎታውም ስለ ጀሪካኑም ጠየቀቻት። «ምክንያቱ ይኸው ነው ብዬ አልምልም» አለች። «እንዲህ ያለ መርዝ ግን ጽንስ ሊያስወርድ፣ እንዳይያዝም ሊያደርግ ይችላል። ይራቅላት።»

ለአንሙት ነገርኩት።

«መምህር፣ እናንተን እኮ ነፋስም ያማችኋል።»

ልመታው ምንም አልቀረኝ። የሴት ማህፀን ሲጎዳ ጥፋተኛዋ ሴቷ፤ መርዙን የሸጠው፣ የገዛው፣ የነሰነሰው ሁሉ ንጹሕ።

በመስከረም ዘመዶቹ ተሰብስበው መጡ። ታላቅ ወንድሙ እንዳላማው ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘር ሳትተካ ልትሞት ነው? ሸኛትና ሌላ አግባ።» ዘሪቱ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ለጠብ ስነሣ አንሙት ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ዱቄቱን ያመጣሁ እኔ። እሺው ያልኩ እኔ። ከቤት የምትወጣው እሷ?»



በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ቁጣዬ አልበረደም፤ የጠፉት ጽንሶች በአንድ ንግግር አይመለሱም። አንሙት ግቢው መካከል፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ሰፌድ ይዞ ስንዴ ያበጥራል። ወንድ ሰፌድ ሲይዝ ያላዩ የገበያ መንገደኞች አጥሩን ተደግፈው ይስቁበታል። እሱ ነቀዙን አንድ በአንድ እየለቀመ ይረግማል። ዘሪቱ ደጃፍ ላይ እጇን አጣምራ ትቆጣጠረዋለች።

«ያቺ ነቀዝ አመለጠችህ።»

«አይቻታለሁ» አለ፣ ሳያያት።

ሁለተኛውን ሰፌድ አንሥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።