የጋሽ ካሚል ደብተር የት ይቀመጥ?

በየከተማው አንድ ሰው አለ፤ ጫማ ሊገዛ ወጥቶ ስለ ቆዳው፣ ስለ ሶሉ፣ ስለ ሻጩ ዘር ማንዘር አጣርቶ፣ በአሮጌው ጫማ ወደ ቤቱ የሚመለስ። የእኛ የከሚሴው ጋሽ ካሚል ይባላሉ። የከብት ሐኪም ናቸው። እኔ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ፣ ሳላመለክት የምርምራቸው ዋና ጽሕፈት ቤት ሆኛለሁ።

ክቡርነታቸው ሃያ ዓመት የጻፉበት ደብተር አላቸው። የማን ላም፣ የት፣ በየትኛው ወር ምን እንደታመመችና በምን እንደዳነች ተጽፎበታል። ዘንድሮ ጡረታ ስለሚወጡ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው ለተተኪያቸው ለአስያ ሊያስረክቡ አስበዋል። ችግሩ የማስታወሻ መጻፊያው ፕሮግራም ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ እዚያው ያስቀምጣል፣ ሌላው በኢንተርኔት ወስዶ ሩቅ አገር ያኖራል። የትኛው ይሻላል? ይህን ሲያጣሩ አሥራ አራት ወር ሞላቸው።

"አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርሽ ፈይሩዝ! አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ" ብለው ይገባሉ። አንዲት ሆና አታውቅም።

"ኮምፒውተሩ ላይ ባስቀምጠውና ኮምፒውተሩ ቢበላሽስ?"

"እንግዲያው ኢንተርኔቱ ላይ ያድርጉታ።"

"ኔትወርክ ሲጠፋስ?"

"ኮምፒውተሩ ላይ ያድርጉታ።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

"ወላሂ ጋሽ ካሚል፣ መብራት ሲጠፋ እኔም የለሁም!"

አንድ ቀን ሲሰለቸኝ በስልካቸው ፎቶ አንስተውት እንዲገላገሉ መከርኳቸው። ደስ ብሏቸው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞሩ። "ፎቶውስ ስልኬ ላይ ነው የሚቀመጠው ወይስ እዚያ ሩቅ?"

በእኛ አካባቢ ደግሞ የራስን ወሬ ሳይሰጡ የሰው ወሬ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ጋሽ ካሚል ያገኙትን ሰው ሁሉ ከመጠየቃቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ ያነባሉ። "ምን እንደሚቀመጥ ሳታውቂ የት እንደሚቀመጥ እንዴት ትመክሪኛለሽ?" ይላሉ። የባጃጅ ነጂው በድሩ የግመል እከክ ደረሰው። ልብስ ሰፊዋ ዙቤይዳ የጥጃ ተቅማጥ ደረሳት። እኔ የጨፋ ሮቢቷ የሀዲጃ ቀይ ላም ደረሰችኝ፤ ስምንት ጊዜ ያህል ሰምቻታለሁ።

አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወረዱ። አንድ የፍየል ነጋዴ ጥሩ ስልክ ይዞ አዩና ደብተሩን ጆንያ ላይ አስቀምጠው ይጠይቁት ጀመር። ነጋዴው የስልኩን አሠራር ሲያስረዳቸው፣ ከኋላቸው አንዲት ፍየል ደብተሩን ጀመረችው። ሲዞሩ የሽፋኑ ግማሽ ብቻ ቀርቷል። ፍየሏ ብዙ አላመነታችም።

ማክሰኞ ሱቄ መጥተው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ምንም አልጠየቁም። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

"አለቀ፣ ፈይሩዝ። ሃያ ዓመት ሠርቼ ለአስያ ባዶ እጄን ላስረክባት ነው።"

አፌ ላይ የመጣውን አወጣሁ። "ነሐሴ፣ ጨፋ ሮቢት፣ የሀዲጃ ቀይ ላም። ከዝናብ ማግስት በጠዋት እርጥብ ሳር በልታ በግራ ጎኗ ተነፋች።"

ቀና አሉ። "ምን ተሰጣት?"

"ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት። ከዚያ እየነዱ ማንሸራሸር።"

"ማሻአላህ!" አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

በድሩን ጠራነው፤ የግመሉን እከክ ከነቀኑ ወጣው። ዙቤይዳ የጥጃዋን ታሪክ ይዛ መጣች። ወሬው ሲዳረስ ሻይ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ መስጊዱ በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ የደረሳቸውን ገጽ እያመጡ አስረከቡ። አስያ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ያርማሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በሳምንቱ ከጥቂት ገጽ በቀር ደብተሩ ተመለሰ። ለካስ እኛ "ሰውዬው አደረቁን" እያልን ስናማ፣ እሳቸው ሲያስቀምጡብን ኖረዋል።

"አሁንስ የት ላስቀምጠው?" አልኳቸው።

"ቆይ፣ አጣርቼ ልምጣ" ብለው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ በሁለቱም አስቀመጥኩት፤ ኮምፒውተሩም ላይ፣ ኢንተርኔቱም ላይ። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው፤ ከአሥራ አራት ወር በፊትም ይቻል ነበር። አስያ ታውቃለች። ለእሳቸው ግን እንዳትነግር አስምያታለሁ። መልሱን ካገኙ ጠዋት ጠዋት የእኔን በር ማን ያንኳኳል?